ያልተጻፈው ክላሽ

ቤቴ የሐሙስ ገበያ አፍ ላይ ነው። ከሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ፣ ወንዙን ተሻግራችሁ፣ የማሾው ማሳ ሲያልቅ ቆርቆሮው የዛገ ቤት ካያችሁ የኔ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ወንዱ ሁሉ ገበያ ከመግባቱ በፊት ጠመንጃውን እኔ ዘንድ ያኖራል። ይህ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። አማቴ ታደርገው ነበር፤ የእሷም አማት እንዲሁ። ወንድ ለወንድ ጠመንጃውን አይሰጥም፣ ለፖሊስማ ጭራሽ። ለአሮጊት ግን ይሰጣል። አሮጊት ተኩሳ አትሸሽም፣ ሸጣም አትጠፋም።

ደረሰኝ የለኝም። ፊደል አልቆጠርኩም፣ መቁጠርም አላማረኝም። የማሽላ አገዳ እቆርጥና ቁመቱን ለሁለት እሰነጥቀዋለሁ። አንዱን ግማሽ ጠመንጃው ማንገቻ ላይ አስራለሁ፣ ሌላውን ባለቤቱ ይዞ ይገባል። ሲወጣ ያመጣዋል፣ ከወንድሙ ጋር አጋጥመዋለሁ። የተሰነጠቀ አገዳ ከራሱ ግማሽ በቀር ከማንም ጋር አይገጥምም። ግማሹን ያመጣ ጠመንጃውን ይወስዳል። ለምን፣ ወዴት ብዬ አልጠይቅም። ሕጉ ይኸው ነው። ሳይፈርስ የቆየውም ወረቀት ላይ ስላልሰፈረ ይመስለኛል።

ከእነዚያ ሁሉ አንዱን ስቀበል ግን እጄ ይበርደኛል። የወርቁ ክላሽ ነው። ወርቁ ከጣርማ በር በኩል ነጭ ሽንኩርት ጭኖ የሚወርድ ደገኛ ነው። ክላሹ የታላቅ ወንድሙ ነበር። ያ ታላቅ ወንድሙ አምና በግጦሽ ጠብ የበኩር ልጄን ሙሄን በዚሁ ክላሽ ገደለው፤ አሁን ታስሯል፣ ክላሹ ግን ፖሊስ እጅ ሳይገባ ለወርቁ ቀረ። ሽማግሌዎች እርቁን ከመኸር በኋላ ብለው ቀጥረዋል። እስከዚያ ደም እንዳይመልስ ታናሽ ልጄን ኡበይድን አስምለውታል። መሐላ ጥሩ ነገር ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የሆነው ወንድ ግን ጠመንጃ ይዞ ከገዳይ ወንድም ፊት ሲቆም መሐላው ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ አላህ ያውቃል። ኡበይድ ቀይ ሽንኩርት ይሸጣል፣ ወርቁ ነጭ። ሽንኩርት ተራ አንድ ነው፣ በመካከላቸው አምስት እርምጃ የለም። ሰላም አይባባሉም። ግን ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ናቸው። የቀረ ልጄን ያቆየልኝ ያ ባዶ እጅ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ እያወቅሁ እንዴት እንደተሞኘሁ ልንገራችሁ።

ሰኞ ዕለት ሳሙኤል የሚባል ልጅ ከአዲስ አበባ በነጭ መኪና መጣ። ጫማው ሾጣጣ ነው። ስሙን ጽፎ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል፤ የጠፋ እንደሆነ እንዲመልሱት ነው መሰለኝ።

"ማዘር፣ እንደምን አሉ?" አለኝ።

"ማዘር የሚባል ሰው እዚህ የለም። እትዬ ራሕማ ነኝ።"

"ይቅርታ፣ እትዬ ራሕማ። እርስዎኑ ፈልጌ ነው የመጣሁት። የዓለም መንግሥታት ስለ ጦር መሣሪያ ንግድ ሊዋዋሉ ነው።"

"ምን ብለው?"

"ደም ወደሚፈስበት አገር መሣሪያ እንዳይሸጥ።"

"እስከ ዛሬ ወተት ወደሚፈስበት ነበር የሚሸጡት?"

ሳቀ። ውሉ ገና ረቂቅ ነው፣ አገሮች ይከራከሩበታል፣ የሕዝቡንም ድምፅ መስማት ይፈልጋሉ አለኝ። የአገዳውን ነገር ከሩቅ ሰምቶ ኖሯል። "ስምዎ እኮ የዓለም መንግሥታት በተሰበሰቡበት አዳራሽ ይነበባል" ሲለኝ፣ ወላሂ እዚያ ላይ ወደቅሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስሜን ከወረቀት ላይ የጠራ ቀበሌው ብቻ ነው፣ እሱም መዋጮ ሲፈልግ።

ማክሰኞ ስለ ረቂቁ ሳምንቱን ሙሉ ወደሚሰበሰቡበት አንድ የሸዋ ሮቢት ሆቴል ወሰዱኝ። ጣሪያው ላይ ማራገቢያ ይሽከረከራል፣ በየሰው ፊት የታሸገ ውኃ ቆሟል። የኔንም ስም አንገቴ ላይ አንጠለጠሉት፤ ልክ እንደ ገበያ በግ። ፈረንጅ አለ፣ የኛ ሰው አለ። ጠዋቱን ሙሉ በአንድ ቃል ሲጨቃጨቁ ዋሉ። አንዱ ወገን "ሻጮች ይከለከላሉ" ይባል ይላል። ሌላው "ሻጮች እንዲቆጠቡ ይበረታታሉ" ካልተባለ አልፈርምም ይላል።

"ምን ወሰኑ?" አልኩት ሳሙኤልን።

"አልተስማሙም። ቃሉን ቅንፍ ውስጥ አስገብተውታል።"

"ቅንፍ ምንድን ነው?"

"በግራና በቀኝ የሚቆም ምልክት ነው። ያልተስማሙበት ነገር እዚያ ውስጥ ይቆያል።"

"በረት በለኛ!"

የመናገር ተራ ሲደርሰኝ ተነሣሁ። "ፍየል ሽንኩርቴ ውስጥ ስትገባ እንድትቆጠብ አላበረታታትም፣ በድንጋይ ነው የምላት" አልኩ። ሳሙኤል ይህን እንዴት አድርጎ እንደተረጎመው አላውቅም፣ ሁሉም በትህትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የአገዳውን ነገር ነገርኳቸው። አጨበጨቡ። ከሁሉም ይልቅ አንዲት ረጅም ሴትዮ ቆማ አጨበጨበችልኝ። የአንድ ቀዝቃዛ አገር አምባሳደር ናት አሉኝ፣ ረቂቁን ከሚመሩት አንዷ። ሐሙስ ቤቴ መጥታ የጠመንጃዎቹን ቁጥር መጻፍ ትፈልጋለች።

"ቁጥሩን ብቻ" አለኝ ሳሙኤል። "የትኛው መሣሪያ የት አገር እንደተሠራ ማስረጃ ይሆነናል። የሰው ስም አይነካም።"

ጭብጨባው ገና ጆሮዬ ውስጥ ነበር። "ይጻፉ" አልኩ። ከባለጠመንጃዎቹ አንዱን እንኳ አልጠየቅሁም። አደራ በላሁ ማለት ነው፤ ቀለል አድርጌ ልናገረው ብል ቀለል አይልልኝም።

ሐሙስ ወንዱ በማለዳ መጥቶ እንደ ልማዱ አስቀመጠ። ሠላሳ አንድ ጠመንጃ፣ ብዙው ክላሽ፣ ጥቂቱ ምንሽር። ኡበይድ አስቀምጦ ገባ። ወርቁም አስቀምጦ ገባ። ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ነጮቹን መኪናዎች በጓሮ በኩል አስገባኋቸው። ለምን በፊት በር እንዳላስገባሁ ያን ጊዜ ራሴን ብጠይቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

አምባሳደሯ ሙቀታችን ፊቷን ቲማቲም አስመስሎታል። ግን ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ነው የገባችው። ሸራ አነጠፉ፣ ጠመንጃዎቹን ደረደሩ። ብረቱን በጨርቅ ትወለውላለች፣ ታነባለች፣ ሳሙኤል ይጽፋል፣ ፎቶ ያነሣል። የአንዱን አገር ማኅተም ባገኘች ቁጥር የጠፋ ዘመድ ያገኘች ነው የምትመስለው። ከስንት አገር መሰላችሁ! ሁሉም ያለ ቪዛ ቤቴ ገብተው ኖሯል።

የወርቁ ክላሽ ጋ ስትደርስ ቆመች። አነበበች። መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አጠለቀች፣ ደግማ አነበበች። ከዚያ ለሳሙኤል በጆሮው አንሾካሾከችለት። እሱም ክላሹን አንሥቶ ለብቻው ግድግዳ ላይ አስደገፈው።

"ያኛውስ?" አልኩ።

"እሱ ይለፍ፣ እትዬ። ቁጥሩ ጠፍቷል፣ አይነበብም።"

ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ዓይኔ አልጠፋም። ያንን ክላሽ ዓመት ሙሉ ስቀበለው ኖሬያለሁ። ብረቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ከሁሉም የጠራ ነው።

"አንተ ልጅ፣ የሴትዮዋ አገር የት ነው ነበር ያልከኝ?"

ነገረኝ።

"ክላሹስ የት ነው የተሠራው?"

ዝም አለ።

"ዝምታህ ይበቃኛል።"

"እትዬ፣ ነገሩ በጣም ሴንሲቲቭ ነው" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "የእሳቸው አገር ስም ዝርዝሩ ውስጥ ከገባ ድርድሩ ይበላሻል።"

በዚህ መሐል አሊዪ ግመሉን ጓሮዬ ሊያስር መጣ። አሊዪ ከአፋር በኩል ጨው የሚያመጣ ሰው ነው፤ ግመሉ ከሚሸከመው ጨው ይልቅ እሱ ምላሱ ላይ የሚሸከመው ወሬ ይበዛል። በመስኮት አየ። ሸራውን፣ ወረቀቱን፣ ፎቶውን አየ። ግመሉን እንኳ ሳያስር ወደ ገበያው ሮጠ።

"ጠመንጃችሁን እየመዘገቡት ነው! ሊነጥቋችሁ ነው!" ሲል እኔም ሰማሁት።

ገበያ ሲጮህ አያስፈራም። የሚያስፈራው ዝም ሲል ነው፣ ዝም አለ። ወዲያው ደጃፌ በወንድ ተሞላ፣ ሁሉም አገዳውን ወደ ላይ ይዟል።

"እትዬ፣ አገዳዬ ይኸው! ጠመንጃዬን!"

"የኔንም!"

ግማሹን ያመጣ ይወስዳል። እምቢ ብል በሚቀጥለው ሐሙስ ማንም አያስቀምጥም። ብሰጥ ደግሞ በተቆጣ ሰው እጅ ሠላሳ አንድ ጠመንጃ ገበያ መሐል ሊገባ ነው፣ ኡበይድና ወርቁም ትከሻ ለትከሻ ተገፋፍተው ፊቴ ቆመዋል።

"እማ፣ እውነት ነው? ጻፉት?" አለኝ ኡበይድ።

"ጻፉት።"

"ማን ፈቅዶላቸው?"

"እኔ።"

በሕይወቴ ብዙ ተናግሬያለሁ። እንደዚያች ቃል ያፈርኩባት የለችም።

በሩን ገፋ አድርጌ ወደ ውስጥ ዞርኩ። "ሳሙኤል፣ ወረቀቱን አምጣ።"

"አይቻልም፣ እትዬ። የፕሮጀክቱ መረጃ ነው።"

"እኔ ደግሞ የሠላሳ አንድ ሰው አደራ አለብኝ። ንገራት።"

ነገራት። ረጅም መለሰች። "ክብርት አምባሳደሯ ስጋታችሁን በሚገባ ተረድተዋል" አለኝ። "ወረቀቱ ለጊዜው እሳቸው ዘንድ እንዲቆይና ወደፊት በጋራ እንዲታይ ሐሳብ ያቀርባሉ።"

"ቅንፍ ውስጥ ልትከተኝ ነው? እነዚያ ደጅ ያሉት እስከሚቀጥለው ስብሰባ አይጠብቁም በላት።"

"ቢያንስ ቅጂውን—"

"በላት፦ ወረቀቱን ካልሰጠችኝ ያንን ግድግዳ ያስደገፈችውን ክላሽ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ሸዋ ሮቢት አዳራሹ እገባለሁ። ብረት የሚያነብ እዚያ አይጠፋም።"

ሳሙኤል ከንፈሩን ላሰ።

"ተርጉም እንጂ! እንጀራህ አይደለም?"

ተረጎመ። ያ ቲማቲም ፊት የወርቁን ነጭ ሽንኩርት መሰለ። ሴትዮዋ ወረቀቱን ከሳሙኤል እጅ ራሷ ወስዳ ሰጠችኝ፣ ፎቶዎቹንም አንድ በአንድ እያሳየችኝ አጠፋች። ለካ ድርድር የሚረዝመው ማንም የሚያፍርበት ነገር ሲያጣ ነው።

ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ፤ ሳሙኤልና ሴትዮዋም ተከትለውኝ ደጃፉ ላይ ቆሙ። "ይኸው፣ ቀዳችሁ ጣሉት።"

"ቆይ!" አለ አሊዪ። "እውነተኛው ወረቀት መሆኑን በምን እናውቃለን? ይነበብ።"

ልክ ነው፣ ይነበብ። ማን ያንብበው ሲባል ከፊት ካሉት ስምንተኛ ክፍል የደረሰው ወርቁ ነው። ወረቀቱን ተቀበለኝ። ቁጥር እየጠራ ማንበብ ጀመረ። የኛ አገር ወንድ ሚስቱ ስንት ዓመቷ እንደሆነ አያውቅም፣ የክላሹን ቁጥር ግን ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት ይነግራችኋል።

"የኔ ነው!" ይላል አንዱ።

"ይሄ ደግሞ የኔ!"

"የኔም አለች፣ አላህ ይይላቸው!"

የኡበይድም ተነበበ። ወርቁ ሠላሳ አነበበና ቆመ። ወረቀቱን ገለበጠው፣ ጀርባው ባዶ ነው።

"ያንተስ?" አለው ኡበይድ። ዓመት ሙሉ ያናገረው የመጀመሪያ ቃል ያ ነው።

የወርቁ ጆሮ ቀላ። መዋሸት ይችል ነበር፣ አንድ ቁጥር ፈጥሮ መጥራት። አልቻለበትም። "የኔ የለም" አለ።

"የሁላችን ተጽፎ የሱ ብቻ ቀረ?"

"እሱ ነዋ ያመጣቸው!"

"ከደጋ ወርዶ አስመዘገበን!"

ኡበይድ አልጮኸም። ሰው ለሰው እየተላለፈ መጣና አገዳውን እጄ ላይ አኖረው። "እማ፣ ጠመንጃዬን" አለኝ። ልጄን አውቀዋለሁ፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ለደም አስምለውታል። ለጠቋሚ ግን ማንም አላስማለውም። ያን ሰዓት ወርቁን ቢመታ አገር ሁሉ "አበጀ" ይለዋል፣ ከዚያ የወርቁ ዘመዶች ይወርዳሉ፣ ከዚያ ልጄን እቀብራለሁ።

አልዋሻችሁም። አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም አልኩ። የሙሄ ገዳይ ወንድም ፊቴ ቆሟል፣ ሠላሳ ሰው ሊበላው ነው፣ እኔን የሚጠይቀኝ የለም። አንድ ትንፋሽ ብቻ። ከዚያ ጮህኩ።

"ስሙ! የወርቁ ያልተጻፈው ጠቋሚ ስለሆነ አይደለም! ክላሹ የዚች ሴትዮ አገር ሥራ ስለሆነ ነው! የሰው አገር ስትጽፍ ቆይታ የራሷ ሲመጣ አፈረች!"

ክላሹን አውጥቼ ሳሙኤል እጅ ላይ ጣልኩት። "አንብብላቸው። ከሸፈጥክ ወርቁም ማንበብ ያውቃል።"

ሳሙኤል ብረቱን አየ፣ ሴትዮዋን አየ፣ የተሰበሰበውን ወንድ አየ። "አዎ" አለ። "የክብርት አምባሳደሯ አገር ነው።"

መጀመሪያ የሳቀው አሊዪ ነው። "ዘመዷን ደበቀች በሉኛ!" ሲል የፊተኞቹ ተከተሉት። ሳቁ ወደ ኋላ እየተሻገረ ሄዶ ያልሰሙትም "ምን አለች? ምን አለች?" እያሉ ሳቁ። የሰው ትከሻ ወረደ። ከሚስቅ ሰው ጋር መነጋገር ይቻላል።

ኡበይድ አልሳቀም። ሴትዮዋን ነው የሚያየው።

"በላት" አለው ሳሙኤልን፣ "ወንድሜን ሙሄን የገደለው ይኸ ክላሽ ነው በላት።"

ሳሙኤል አጠር አድርጎ ነገራት። ራሷን ነቀነቀች፣ ማስታወሻዋን አውጥታ ጻፈች።

"ምን ብለህ ነገርካት?" አልኩት።

"ስለ መሣሪያው አመጣጥ ጥያቄ እንዳለው።"

"እሷስ ምን አለች?"

"ጥያቄው በጣም ጠቃሚ ነው ብለዋል።"

ልጄ ይህን ሰምቶ መሬት መሬት አየ። ወረቀቱን አሊዪ ከወርቁ እጅ ወስዶ አጣጥፎ ለግመሉ አጎረሰው። ግመሉ ሁሉንም አገር አንድ ላይ አኘከ።

"አሁን እኔን ስሙኝ" አልኩ። "አደራችሁን ያጎደልኩ እኔ ነኝ፣ ስድቡም ለኔ ነው። አገዳውን ያመጣ ይወስዳል፣ የወሰደ ግን ገበያ አይገባም፣ ፊቱን ወደ ቤቱ ያዙር። መገበያየት የፈለገ ያስቀምጥ።"

አሥራ ሁለቱ ወስደው ሄዱ። ደህና ዋይ እንኳ ያለኝ የለም፣ ይገባኛል። የቀሩት እያጉረመረሙ አገዳቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ወርቁ አስቀመጠ። ኡበይድ ወሰደ። ሰጠሁት፣ ሕጌ ነው። ክላሹን አንግቦ ወርቁን ለረጅም ጊዜ አየው። መሐል አልገባሁም፤ ብገባ ሕፃን አደረግሁት ማለት ነው። ከዚያ ዞሮ የቤቱን መንገድ ያዘ፣ ሽንኩርቱን ገበያ ላይ ትቶ።

ከወር በኋላ ሳሙኤል ደወለልኝ። ውሉ ከቅንፍ ወጥቷል፣ "እንዲቆጠቡ ይበረታታሉ" በሚለው ተስማምተዋል አለኝ። "ስምዎም ተነብቧል" አለ። እንዴት ተብሎ ስለው፣ "አንዲት የአካባቢው እናት" ተብሎ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

ያን ዕለት ግን መኪናዎቹ አቧራቸውን አልብሰውኝ ሲሄዱ፣ ጠመንጃዎቹ ላይ ቆልፌ ሽንኩርት ተራ ገባሁ። የልጄ ሽንኩርት ባለቤት አጥቶ ሊቀር ነው እንዴ! ተቀመጥኩ። ለወርቁ ጀርባዬን ሰጠሁት። አንድ ሰዓት ያህል እሱም የራሱን ሸጠ፣ እኔም የልጄን።

"እትዬ" አለኝ በመጨረሻ። "እርስዎ ዝም ቢሉ ኖሮ ይገድሉኝ ነበር።"

"ይገድሉህ ነበር።"

"ለምን ዝም አላሉም?"

"አንድ ልጅ ቀብሬያለሁ። ሁለተኛውን ልቅበር? ለአንተ ብዬ ያደረግሁት እንዳይመስልህ።"

"አይመስለኝም።"

አንዲት ሴት መጥታ ከኔ ሽንኩርት ገዛችና ሄደች። ወርቁ ከጀርባዬ እንደገና ጠራኝ።

"ሽንኩርቱን ፀሐይ እየበላው ነው፣ እትዬ። ኡበይድ በዚህ ሰዓት የዳሱን ሸራ ወደዚህ ያዞረው ነበር።"

ዞር ብዬ አየሁት። "አንድ ሰዓት ሙሉ ሲቃጠል እያየህ ዝም አልክ?"

"ሰላም አንባባልም ነበር እኮ።"

"ተነሣ" አልኩት። "ያንን ጫፍ ያዝ።"